ሥራን ሳይለቁ መማር፤ የቅይጥ ትምህርት ችግርና መላው

በመደብርና በንግድ ጽሕፈት ቤት የሚያገለግሉ ብዙ ሠራተኞች ሥራቸውን ሳይለቁ ከፍተኛ ትምህርት ለመከታተል ይመኛሉ። ለእነዚህ ሰዎች የሚስማማው ቅይጥ ትምህርት የሚባለው ነው፤ ይኸውም ተማሪው ከፊሉን በመጽሐፍና በኢንተርኔት አማካይነት በሚመቸው ሰዓት እያጠና፣ ከፊሉን ደግሞ ከመምህሩ ፊት ቀርቦ የሚማርበት ዘዴ ነው። ነገር ግን ለተማሪው የተሰጠው ነፃነት ለመምህሩ ብርቱ ድካም ያስከትላል፤ አሠሪውም በጉዳዩ ድርሻ አለው።

የዚህ አሠራር ታዋቂ ምሳሌ የእንግሊዝ አገር ኦፕን ዩኒቨርሲቲ ነው። እ.ኤ.አ. በ1969 በንጉሣዊ ቻርተር ተመሥርቶ፣ በ1971 ወደ 25 ሺህ ለሚጠጉ ተማሪዎች ማስተማር ጀመረ። ትምህርቱ በፖስታ ይላክ፣ በቢቢሲ ራዲዮና ቴሌቪዥንም ይሰጥ ነበር። በየአካባቢው የተመደበው መምህር የተማሪውን የጽሑፍ ሥራ አርሞ ከአስተያየት ጋር ይመልስ ነበር፤ በዕረፍት ወራትም ተማሪዎች በአንድነት ተሰብስበው ይማሩ ነበር። ከዚህ እንደሚታየው ርቀት የመምህሩን ሥራ አያቃልልም።

የመጀመሪያው ችግር የዝግጅት ነው። በክፍል ውስጥ መምህሩ ያልገባውን ተማሪ ከፊቱ አይቶ መልሶ ያስረዳል፤ በጽሑፍ ሲያስተምር ግን ጥያቄው ሳይመጣ መልሱን አስቀድሞ ማሰብ ይኖርበታል። ዕቃውን በሩቅ ላለ ደንበኛ የሚልክ ነጋዴ ሁሉን በወረቀት ዘርዝሮ እንደሚጽፍ ማለት ነው።

ሁለተኛው የአከፋፈል ችግር ነው። ለምሳሌ ስለ ሌተር ኦፍ ክሬዲት ሲማር፣ የኢንቮይስንና የቢል ኦፍ ሌዲንግን ምንነት ተማሪው በቤቱ አንብቦ ሊረዳ ይችላል። ሰነዶቹ ከሌተር ኦፍ ክሬዲቱ ቃል ጋር የማይስማሙበትን ስፍራ ለይቶ ማውጣት ግን ከመምህሩ ጋር ሆኖ የሚለማመደው ነው። መምህሩ በክፍል የተነበበውን መልሶ የደገመ እንደሆነ፣ ያነበበው ይሰለቻል፤ ያላነበበውም ዳግመኛ አያነብም።

ሦስተኛው የጊዜ ችግር ነው። ቀን ያልተቆረጠለት ሥራ ከሳምንት ወደ ሳምንት ይተላለፋል፤ በመጨረሻም ሁሉ በአንድነት በመምህሩ ጠረጴዛ ላይ ይከመራል። ስለዚህ የማስረከቢያው ቀን አስቀድሞ ሊወሰን ይገባል። በአገራችን ደግሞ መብራትና ኢንተርኔት ሊቋረጥ ስለሚችል፣ በመጋቢት 2012 ዓ.ም. በወረርሽኙ ምክንያት ዩኒቨርሲቲዎች በተዘጉ ጊዜ እንደታየው፣ በኢንተርኔት ብቻ መተማመን ብዙዎችን ከትምህርት ያስቀራል። የታተመ ጽሑፍም አብሮ መሰጠት አለበት።

የአሠሪው ድርሻ ይህ ነው፤ ሠራተኛው በክፍል የሚገኝበትን ሰዓት አስቀድሞ ማወቅና ቆጠራ ወይም የዕቃ ርክክብ በዚያው ሰዓት እንዳይውል ማድረግ። በሰነድ ስሕተት ምክንያት ባንክ ክፍያ ሲያዘገይ ምን ያህል ኪሣራ እንደሚደርስ የሚያውቅ ነጋዴ፣ ለሠራተኛው ትምህርት የሰጠውን ጥቂት ሰዓት እንደ ብክነት ሊቈጥረው አይገባውም።