ምዕራፍ ስድስት፤ በእንተ ትለ ሐር፦ በቤት ስለ ማርባቱና ለእንስሳት መብል ስለ መሆኑ

ሐር በአገራችን ከጥንት ጀምሮ የከበረ ነገር ነው። ነገሥታቱና መኳንንቱ በካባ የደረቡት፣ የብራናው መጽሐፍ ገበታ ከውስጥ የተሸፈነበት፣ ክርስቲያኑም በአንገቱ ያሰረው ማዕተብ ብዙ ጊዜ ከሐር ሆኖ ሳለ፣ ያን ክር የሚፈትለው ታናሽ ፍጥረት ግን ምን እንደሚበላ፣ እንዴት እንደሚያድግና ሥጋው ለምን እንደሚጠቅም ሳናውቀው ከሺህ ዓመት በላይ ኖረናል። ይህም የሆነበት ምክንያት ሐሩ ተሠርቶና ተጠቅልሎ በባሕር ይመጣልን ስለ ነበረ ነው። ዐፄ ካሌብ በአክሱም ነግሦ በነበረበት ዘመን፣ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ531 ገደማ፣ የቁስጥንጥንያው ንጉሠ ነገሥት ዮስጢንያኖስ መልእክተኛ ልኮ የአክሱም ሰዎች ሐሩን ከሕንድ ገዝተው ለሮማውያን እንዲሸጡለት መለመኑን ፕሮኮፒዮስ የተባለው ታሪክ ጸሐፊ ጽፎልናል። ነገር ግን የፋርስ ነጋዴዎች የሕንድ መርከቦች በሚደርሱበት ወደብ ሁሉ ቀድመው እየተገኙ ጭነቱን ጠቅልለው ይገዙት ስለ ነበረ አሳቡ ሳይፈጸም ቀረ። ከዚያም ሃያ ዓመት ያህል ቆይቶ መነኮሳት የትሉን እንቁላል በምስጢር ወደ ቁስጥንጥንያ አመጡለት፤ ዮስጢንያኖስም ሐሩን ከማንም ሳይለምን በገዛ አገሩ ለማሠራት ቻለ።

እኔ በዚህ ምዕራፍ ስለ ክሩ ብዙ አልናገርም። የክሩን ነገር የሚያውቁ ጠቢባን ጽፈውበታል። የእኔ አሳብ ሌላ ነው፤ ይኸውም ትለ ሐር ፈታይ ከመሆኑ አስቀድሞ ሥጋ መሆኑን፣ ክሩ ከተወሰደለት በኋላም ተጥሎ የሚቀረው አካሉ ለቤት እንስሳት የሚበቃ የጸና መብል መሆኑን፣ ይህንም በጎጃም ደጋ በአንድ ተራ ግቢ ውስጥ ማድረግ የሚቻል መሆኑን ለአንባቢ ማስረዳት ነው።

በሰሜን ምሥራቅ ሕንድ በአሳም አገር ያሉ ሰዎች ትሉ ከሐሩ በሠራው ጎጆ ውስጥ ከተኛ በኋላ አውጥተው ቀቅለው ወይም ጠብሰው ይበሉታል፤ በእነርሱ ዘንድ ክሩና ሥጋው እኩል የተወደዱ ናቸው። በአውሮጳና በአሜሪካ ደግሞ እንሽላሊትን፣ እስስትንና እነርሱን የመሰሉ በደረታቸው የሚሳቡ ፍጥረታትን በመስተዋት ቤት ውስጥ የሚያሳድጉ ብዙ ሰዎች ስላሉ፣ ለእነዚህ ፍጥረታት ትለ ሐርን በቤታቸው ያረባሉ። ከአውስትራሊያ የተገኘው ጢማሙ እንሽላሊት በዚህ ዓይነት ከሚመገቡት መካከል አንዱ ነው። ሰዎቹ ትሉን የመረጡበት ምክንያት ከንቱ አይደለም። እንደ ፌንጣ ዘሎ አያመልጥም፤ እንደ ጢንዚዛም ጠንካራ ልባስ ስለሌለው ለታናሹ እንሽላሊት ሆድ አይከብድም። አይናከስም፤ በንጽሕና ከተያዘም አይሸትም። ከሥጋው ከአምስት እጅ አራቱ ያህል ውኃ ሆኖ ስቡ እጅግ ጥቂት ስለሆነ፣ ውኃ ከሳሕን መጠጣት የማይወድ እንደ እስስት ያለው ፍጥረት ከምግቡ ጋር ጥማቱን ይቈርጥበታል።

ሆኖም አንድ ጉድለት አለበት፤ እርሱንም የማያውቅ ሰው እንስሳውን ይጎዳል። በትሉ ሥጋ ውስጥ ፎስፎረስ የሚባለው ማዕድን ከካልሲየም በብዙ እጅ ስለሚበልጥ፣ ሌላ ነገር ሳይጨመርበት ብቻውን የሚበላ እንሽላሊት አጥንቱ እየለሰለሰ፣ መንጋጋው እያበጠ፣ እግሩም እየተጣመመ ይሄዳል። ስለዚህ ትሉ ከመቅረቡ በፊት የካልሲየም ዱቄት ይነሰነስበታል፤ እንስሳውም ካልሲየሙን በአካሉ ለማዋሐድ የሚያስፈልገውን ቫይታሚን ዲ እንዲያገኝ በመስተዋት ያልተጋረደ የፀሐይ ብርሃን፣ ወይም ለዚሁ የተሠራ የመብራት አምፖል ይደረግለታል። የትሉም መጠን በእንስሳው ሁለት ዓይኖች መካከል ካለው ስፋት እንዳይበልጥ አሳዳጊዎቹ ይጠነቀቃሉ።

በእኛ አገር እስስትን በቤት ማሳደግ ልማድ አይደለም፤ ይልቁንም ሕዝቡ ይፈራታል፣ መልኳን ስለምትለዋውጥም የወላዋይ ሰው ምሳሌ አድርጎ ይናገርባታል። እኔ ልማዱ እንዲገባ አልመክርም። በኢትዮጵያ ደጋ የምትገኝ፣ ሊቃውንት ትሪዮሴሮስ አፊኒስ የሚሏት እስስት በየአጥሩና በየቁጥቋጦው ላይ የራሷን ምግብ እየለቀመች ትኖራለችና፣ ከተፈጠረችበት ስፍራ አውጥቶ በሣጥን መዝጋት ለእርሷም ለእኛም አይበጅም። የውጭ አገር ሰዎች በእንሽላሊቶቻቸው ያስተማሩንን ግን ወደ ራሳችን ቤት እንስሳ፣ ወደ ዶሮ ማዞር እንችላለን። ዶሮ በግቢው ስትጭር የምትፈልገው ይህንኑ ትልና ምስጥ ነው፤ እኛ የምናደርገውም እርሷ በራሷ ደክማ የምታገኘውን በብዛት ማቅረብ ብቻ ነው። ትል የበላች ዶሮ ሥጋዋ ወይም እንቁላሏ አይረክስምን ብሎ የሚጠይቅ ሰው ቢኖር፣ አባቶቻችን ለፋሲካ ያረዷት ዶሮ ሁሉ ምስጥና ትል ስትለቅም ያደገች እንደ ነበረች ማስታወስ ይበቃል።

አሁን ወደ ዝርዝሩ እንግባ። ትለ ሐር ብዙ ዓይነት ቢሆንም ለእኛ የሚያስፈልጉን ሁለቱ ናቸው። የመጀመሪያው በቻይና ከ5,000 ዓመት ገደማ ጀምሮ ሰው ያላመደው፣ በመጨረሻ የሚለወጥበት የእሳት ራት ክንፍ እያለው መብረር የተሳነው፣ ምግቡም ሞረስ የሚባለው ዛፍ ቅጠል የሆነው ነው። ይህ ዛፍ ከሾላና ከዋርካ ጋር የአንድ ቤተ ሰብ ነው። ሁለተኛው ከአሳም የመጣው፣ ጉሎ የሚበላው ትል ሲሆን፣ ጎጆው በአንድ ወገን ክፍት ስለሆነ የእሳት ራቱ ክሩን ሳይበጥስ ይወጣል፤ ክሩም ተመዝዞ አይጠቀለልም፣ እንደ ጥጥ በእንዝርት ይፈተላል እንጂ። የእኛ ሴቶች እንዝርትን ከማንም የበለጠ ስለሚያውቁ ይህ ለእኛ ጉድለት አይሆንም።

በጎጃም ከደጀን ተነሥቶ በቢቸናና በደብረ ወርቅ አልፎ ወደ ሞጣ የሚወስደውን መንገድ የሄደ ሰው የጎንቻ ሲሶ እነሴን ዋና ከተማ ጉንደ ወይንን ያውቃታል፤ በእርሷና በዐባይ በረሃ መካከል ያለውም ምድር ከደጋ እስከ ቆላ በጥቂት ሰዓት መንገድ ይወርዳል። በዚህ አገር የሞረሱን ዛፍ ለማግኘት ተክሎ መጠበቅ ያስፈልጋል። ጉሎ ግን ውርጭ በማይመታው ግቢ ሁሉ ሳይዘራ ጭምር ይበቅላል፤ ብዙ ሊቃውንትም ጥንተ መገኛው ይኸው የእኛ የምሥራቅ አፍሪካ ምድር ነው ይላሉ። እናቶቻችን ፍሬውን ምጣድ ሊያስሱበት፣ ጠፍር ፋቂዎችም ቆዳ ሊያለሰልሱበት ከአጥር ሥር ይተዉታል፤ ቅጠሉን ግን የሚፈልገው የለም። እንግዲህ በጉንደ ወይን ያለ ሰው ከሁለቱ የትኛውን ይምረጥ ብዬ ብጠየቅ ያለ ጥርጥር የጉሎውን ትል እላለሁ።

ዘሩ በገበያ የሚሸጥ አይደለም። በአዳማ አጠገብ ያለው የመልካሳ የግብርና ምርምር ማዕከል ስለ ሁለቱም ትሎች ምርምር ሲያደርግ የቆየ ስለሆነ፣ የሚጠየቀው በመጀመሪያ በዚያ ነው። በአዲስ አበባም እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ2004 የተመሠረተው ሳባሐር የሚባለው የሽመና ድርጅት በአገር ውስጥ ከረባው የጉሎ ትል የተገኘውን ሐር በእጅ እያስፈተለና እያሸመነ ወደ ውጭ አገር ሲልክ ኖሯል፤ ይህም ሥራው ከሕልም ወጥቶ በአገራችን እጅ የገባ መሆኑን ያስረዳል።

እንቁላሉ ከመጣ በኋላ በንጹሕ ወረቀት ላይ ተደርጎ በጥላ ይቀመጣል፤ በ10 ቀን ገደማም ይፈለፈላል። የተፈለፈሉት ትሎች ከክር ቁራጭ የማይበልጡ ስለሆኑ በጣት አይነኩም፤ ለጋ የጉሎ ቅጠል ይቀርብላቸዋል፣ በራሳቸውም ይወጡበታል። ማደሪያቸው ሰፌድ ይሁን። ሰፌዱ የሚቀመጥበት አልጋ ወይም ጠረጴዛ እግሮቹ በውኃ በተሞሉ ጣሳዎች ውስጥ ይቁሙ፤ ያለዚያ ጉንዳን በአንድ ሌሊት ሁሉን ይጨርሳል። ትሎቹ አራት ጊዜ ቆዳቸውን እየገፈፉ በአምስት ዕድሜ ያልፋሉ። ቆዳ ሊጥሉ ሲሉ መብል ትተው፣ ራሳቸውን ቀና አድርገው፣ ሳይንቀሳቀሱ አንድ ቀን ያህል ይቆያሉ፤ አላዋቂ ሰው ታመዋል ብሎ የሚያነሣቸውና የሚገድላቸው በዚህ ሰዓት ነውና፣ ይህን ጸጥታቸውን እንደ ጾማቸው ቆጥሮ መተው ያስፈልጋል። በአምስተኛው ዕድሜ ግን ሆዳምነታቸው ያስደንቃል፤ በሕይወታቸው ሁሉ ከሚበሉት ከአምስት እጅ አራቱን የሚበሉት በዚያች ሳምንት ስለሆነ፣ መጀመሪያ ላይ በጥቂት ቅጠል ተታልሎ ብዙ ትል የያዘ ሰው በመጨረሻው ቅጠል ፍለጋ ከጎረቤት ጎረቤት ይንከራተታል። አጥርህ ላይ ያለውን ጉሎ አስቀድመህ ቁጠር፤ ትሉን በእርሱ ልክ አድርግ።

የደጋው ብርድ ዋናው ጠላት ነው። ትሉ የሚመቸው ከ24 እስከ 28 ዲግሪ ባለ ሙቀት ሲሆን፣ ሲበርደው መብሉን ይተዋል፣ በሦስት ሳምንት ተኩል የሚጨርሰውንም ዕድገት በእጥፍ ያረዝማል። ሌሊቱን ለማሞቅ በጢስ የተሞላ ማድቤት አይሆንም፤ ጢስ ይጎዳዋልና። የሞቀ ውኃ የሞላ እንስራ በሰፌዱ አጠገብ አስቀምጦ ክፍሉን መዝጋት የተሻለ ነው። በሐምሌና በነሐሴ ቅጠሉ ሁሉ በዝናብ የራሰ ስለሚሆን፣ እርጥብ ቅጠል የበላ ትልም ሆዱ እየፈሰሰ ስለሚያልቅ፣ ቅጠሉ ከቤት ገብቶ ጠፈፍ ሳይል አይሰጥም። ከሁሉም ይልቅ አንባቢ እንዲጠነቀቅልኝ የምለምነው ስለ መርዝ ነው። ለጤፍና ለስንዴ የሚረጨው የአረም መድኃኒት፣ ለተባይ የሚረጨውም፣ በነፋስ ተወስዶ በአጥር ላይ ያለውን ጉሎ ይነካል፤ ለሰው ዓይን ምንም ያልሆነ የሚመስለው ቅጠልም ሰፌድ ሙሉ ትል በአንድ ጥዋት ይፈጃል። ትምባሆ የነካ እጅ እንኳ ሳይታጠብ ሊቀርበው አይገባም።

ስለ ደዌው አንድ ታሪክ ልጨምር። ካለፈው በፊት በነበረው መቶ ዓመት አጋማሽ የፈረንሳይ የሐር እርሻ በበሽታ ሊጠፋ ሲል፣ ሉዊ ፓስተር የተባለው ሊቅ እንደ አውሮጳውያን አቆጣጠር በ1865 ወደ ደቡብ ፈረንሳይ ተልኮ ብዙ ዓመት ደከመበት። በሽታው ከእናቲቱ ወደ እንቁላሏ የሚተላለፍ መሆኑን ካረጋገጠ በኋላ፣ እያንዳንዷ የእሳት ራት ለብቻዋ እንድትጥል፣ ከጣለችም በኋላ አካሏ ተደቁሶ በማይክሮስኮፕ እንዲታይ፣ ነቁጥ የተገኘባት እንደሆነ እንቁላሏ እንዲቃጠል ሥርዓት ሠራ። እኛ ማይክሮስኮፕ በየቤቱ ባይኖረንም ከሥርዓቱ የምንወስደው አለን፦ ለዘር የሚቀሩት ከጤነኛውና ፈጥኖ ካደገው ሰፌድ ብቻ ይሁኑ፤ የታመመ ትል ለዶሮ ሳይሰጥ ይቀበር፤ ሰፌዱም ከአንዱ ትውልድ ወደ ሁለተኛው ሲሻገር ታጥቦ ፀሐይ ይምታው።

ትሉ ሲበስል መብል ይተዋል፣ አካሉም ብርሃን የሚያሳልፍ ይመስላል። ያን ጊዜ በደረቅ ቅርንጫፍና ቅጠል መካከል ሲደረግ በጥቂት ቀን ጎጆውን ይሠራና በውስጡ ይተኛል። ለዘር የተመረጡት የእሳት ራት እስኪሆኑ ይጠበቃሉ፤ ወጥተው ሲገናኙ እንስቶቹ በሰንበሌጥ ነዶ ላይ እንቁላላቸውን ይጥላሉ። የቻይናው ትል እንቁላል በብርድ ተኝቶ ወራት ስለሚቆይ እንሽላሊት አሳዳጊዎቹ በማቀዝቀዣ አኑረው እንደ ፍላጎታቸው ይፈለፍሉታል፤ የጉሎው ትል ግን እንዲህ ያለ ዕረፍት አያውቅምና ትውልዱ ሳይቋረጥ መቀጠል አለበት፣ አለዚያ ዘሩ ይጠፋል።

ለመብል የሚሆኑት ጎጆውን ከሠሩ በኋላ በክፍቱ ወገን ይወጣሉ፤ ጎጆው ለፈታይ ይቀመጣል። የተኛው ትል ሲደርቅ ከክብደቱ ከግማሽ በላይ ሥጋ የሚሠራው ፕሮቲን፣ አራተኛው እጅ ያህል ደግሞ ስብ ነው፤ እኛ ለዶሮ የምንጥልላት እህል በዚህ አይተካከለውም። ስቡ ብዙ ስለሆነ ግን ፈጥኖ ይሻክታል፤ የሻከተውን የበላች ዶሮም ሽታው በእንቁላሏ ሊገባ ይችላል። ስለዚህ በፀሐይ ወይም በምጣድ ደርቆ፣ ተወቅጦ፣ ቶሎ ማለቅ አለበት፤ ከእህሉ ጋር በጥቂቱ ይቀላቀል እንጂ ብቻውን አይሰጥ። ትሉ ሳይተኛ እያለ ቢሰጥም ጫጩቶቹ እጅግ ይወዱታል። የጉሎው ፍሬ ግን ከባድ መርዝ ያለበት ስለሆነ ቅጠሉ ሲቀነጠስ ፍሬው ከዶሮዎቹና ከሕፃናት እጅ ይራቅ፤ ቅጠሉ የሚቈረጥባቸው ተክሎች አበባቸው ገና ሳለ ቢቀጠፍ ቅጠሉም ይበዛል፣ አደጋውም ይቀንሳል።

ሥራውን መጀመር የሚሻ ሰው ዝናቡ ሲያባራ፣ በመስከረም መጨረሻ፣ ጉሎው ገና ለምልሞ የኅዳር ብርድ ሳይደርስ ዘሩን ቢያስመጣ ይመቸዋል። ለመጀመሪያው ጊዜ የአንዲት እናት እንቁላል ብቻ፣ ይኸውም 400 ያህል፣ ይያዝ፤ ከእነርሱ ጋር እስከ ጎጆ ሲደርስ ቅጠሉ ስንት እንደሚበቃ፣ ቤቱም በየትኛው ማዕዘን እንደሚሞቅ በዓይኑ ያየዋል።