ከሳሿ ራሷ ስትሆን

በውስጥ መስመር ደጋግሞ የሚደርሰኝ ጥያቄ አለ። «ሰውየው ተፈርዶበት ታስሯል፤ ታዲያ አንቺ ምን ቀረሽ?» ይሉኛል። የሕግ ተማሪዎች ደግሞ ጥቃት የደረሰባቸውን ሰዎች በፍትሐ ብሔር መወከል እንጀራ ይሆን እንደሆነ ይጠይቃሉ። ሁለቱንም አንድ ላይ ልመልስ። ይረዝማል፣ ቡናችሁን ይዛችሁ አንብቡ።

በወንጀል ችሎት የተደፈረች ወይም የተደበደበች ሴት የመዝገቡ ባለቤት አይደለችም። ከሳሹ ዐቃቤ ሕግ ነው፤ እሷ ምስክር ናት። አንቀጽ ቢቀየር፣ ክሱ ቢቋረጥ፣ ይግባኝ ሳይባል ቢቀር የመጨረሻው ቃል የእሷ አይደለም። ቃሏን ሰጥታ ትወጣለች፤ ቅጣቱን ከዘመድ የምትሰማም አለች። በፍትሐ ብሔር ግን ከሳሽ እሷ ራሷ ናት። ምን እንደሚጠየቅ፣ ከማን እንደሚጠየቅ፣ ሽማግሌ ሲመጣ እሺ ወይም እምቢ የምትለው እሷ ናት። ማስረጃውም ሚዛን ከደፋ ይበቃል፤ እንደ ወንጀሉ ምክንያታዊ ጥርጣሬን ማስወገድ አይጠበቅባትም። በዚያ ላይ የፍትሐ ብሔር ሕጋችን ቁጥር 2149 በወንጀል ነጻ መባል የፍትሐ ብሔሩን ዳኛ አያስረውም ይላል። ይህን አንቀጽ ስነግራቸው አንገታቸውን ቀና የሚያደርጉ ደንበኞች አሉኝ።

የዚህ ሥራ ጉልበት እስከ ምን እንደሆነ ማየት የፈለገ የአትላንታውን መዝገብ ያንብብ። እጅጋየሁ ታዬ አሜሪካ ውስጥ አትላንታ በሚገኝ ሆቴል በአስተናጋጅነት ትሠራ ነበር። አንድ ቀን እዚያው ሆቴል ተቀጥሮ የሚሠራ ሰው አየች፤ ቀልቤሳ ነገዎ። በቀይ ሽብር ዘመን የአዲስ አበባ ከፍተኛ 9 ሊቀመንበር የነበረው፣ እሷን ያስገረፈው ሰው። አስቡት፣ አንድ አሠሪ፣ አንድ የሥራ ቦታ። በከፍተኛ 9 ከተሠቃዩ ሁለት ሌሎች ሴቶች፣ ከሂሩት አበበና ከኤልሳቤጥ ደምሴ ጋር ሆና በፈረንጆቹ 1990 በፍትሐ ብሔር ከሰሰችው። መንግሥት አይደለም የከሰሰው፤ ሦስቱ ሴቶች ናቸው። ጠበቆቻቸው የተንጠለጠሉት በ1789 በወጣ አንድ አጭር የአሜሪካ ሕግ ላይ ነው። ያ ሕግ የውጭ አገር ሰው ዓለም አቀፍ ሕግን በጣሰ ድርጊት ለደረሰበት ጉዳት በአሜሪካ ፌዴራል ፍርድ ቤት ካሳ እንዲጠይቅ ይፈቅዳል።

በ1993 ጉዳዩ ሲሰማ ቀልቤሳ ያለ ጠበቃ ራሱን ወክሎ ቀረበ። እኔ ከመዝገቡ ሁሉ የምቆምበት እዚህ ላይ ነው። ጠበቃ የሌለው ተከሳሽ ምስክሮችን የመጠየቅ መብት ያለው ራሱ ነው። ያሠቃየሽ ሰው ፊት ለፊትሽ ቆሞ መስቀለኛ ጥያቄ ሊጠይቅሽ ይችላል ማለት ነው። ደንበኛን ለዚህ ማዘጋጀት ምን እንደሚመስል የሚያውቀው የሠራው ብቻ ነው። ፍርድ ቤቱ ለእያንዳንዳቸው 200 ሺህ ዶላር ማካካሻ፣ 300 ሺህ ዶላር ደግሞ መቀጣጫ ፈረደ፤ በድምሩ 1.5 ሚሊዮን። ተከሳሹ ጉዳዩ የፖለቲካ ስለሆነ ፍርድ ቤት አያገባውም ብሎ ይግባኝ አለ፤ በ1996 ተረታ። በሆቴል ደመወዝ የሚኖር ሰው ያን ሁሉ ገንዘብ ከየት ያመጣል? ሴቶቹ ግን ድርጊቱን በፍርድ አስመዘገቡት። ኋላ ላይ የአሜሪካ ዜግነቱን ተነጠቀ፤ በፈረንጆቹ 2006ም ወደ ኢትዮጵያ ተባረረ፤ እዚህ በሌለበት የተፈረደበት የዕድሜ ልክ እስራት ይጠብቀው ነበር።

እኛ አገር ስንመጣ ሒሳቡ ሌላ ነው። በ1952 ዓ.ም. የወጣው የፍትሐ ብሔር ሕግ ቁጥር 2116 ለሞራል ጉዳት የሚከፈለው ካሳ ከ1 ሺህ ብር እንዳይበልጥ ጣሪያ አድርጓል። አዎ፣ አንድ ሺህ። ለመደፈርም። ሕጉ ሲወጣ ያ ገንዘብ ገንዘብ ነበር፤ ዛሬ ለደንበኛዬ ቁጥሩን ስነግራት ዓይኗን ማየት አልችልም። ስለዚህ ክሱን የምናቆመው በቁሳዊ ጉዳት ላይ ነው፤ ሕክምና፣ የተቋረጠ ደመወዝ፣ ወደፊት ሊቀር የሚችል ገቢ።

ሥራው በአብዛኛው ይኼ ነው እንግዲህ። አንዲት ደንበኛዬ ወረቀቶቿን በጥቁር ፌስታል አምጥታ ጠረጴዛዬ ላይ ዘረገፈቻቸው። የመድኃኒት ቤት ደረሰኝ፣ የሆስፒታል ካርድ፣ የራጅ ወረቀት፣ ከመሥሪያ ቤት የተሰጠ የስንብት ደብዳቤ፣ ቀለሙ የጠፋ የባንክ ስሊፕ። ስናስተካክል አመሸን። ለተመላለሰችበት ታክሲ ማንም ደረሰኝ አይሰጥም፤ እሱን በምስክር ነው የምናስረዳው። ልኩ ጨርሶ የማይታወቀውን ጉዳት ደግሞ ቁጥር 2102 ዳኛው በርትዕ እንዲተምነው ይፈቅዳል። እኔ ይህን አንቀጽ ሳልጠቅስ ያስገባሁት የክስ አቤቱታ ያለ አይመስለኝም። ተከራካሪዬ ሁሌ «ተጋኗል» ብሎ ይመልሳል፤ ይበል፣ ሥራው ነው።

ጊዜው ነው የሚያስለቅሰኝ። ቁጥር 2143 ክሱ ጉዳቱ በደረሰ በ2 ዓመት ውስጥ ይቅረብ ይላል። ድርጊቱ ወንጀል ከሆነና በወንጀል ሕጉ የይርጋው ዘመን የሚረዝም ከሆነ ግን የሚሠራው ረዥሙ ነው። ይህን ሁለተኛውን ንዑስ አንቀጽ ሳያነቡ «ጊዜሽ አልፏል» ብለው የሚመልሱ ባልደረቦች አሉ፤ እባካችሁ አትመልሱ። ሴቲቱ ዝም ያለችው ቤተሰብ «ስማችን ይጠፋል» ስላላት ነው። ወይም ያጠቃት ሰው ቀለቧን የሚሰፍርላት ስለሆነ ነው።

እንጀራ ይሆናል ወይ ለምትሉ፣ ይህ ብቻውን አይሆንም። እኔ ውርስና ውል እሠራለሁ፤ የቢሮ ኪራይ የሚከፍለው እሱ ነው። የዳኝነት ክፍያው በተጠየቀው ገንዘብ ልክ ስለሚሰላ ብዙዎቹ በደሃ ደንብ ነው የሚከሱት፤ ደሃነቷን የሚያስረዳላት ወረቀት ፍለጋ ቀበሌ ስትመላለስ የከረመችን ሴት ጠበቃዋ «ክፈይኝ» አይላትም። ስንረታ ከሚገኘው ድርሻ እወስዳለሁ። ሲገኝ ነው ታዲያ።

ፍርድ አግኝቶ ገንዘብ ማጣት የተለመደ ነውና። ስለዚህ ደንበኛ ገብታ ስትቀመጥ፣ ታሪኳን ከሰማሁ በኋላ፣ ቀድሜ የምጠይቃት ሰውየው ቤት፣ መኪና ወይም የአክሲዮን ድርሻ እንዳለው ነው። ቀዝቃዛ ጥያቄ ነው፤ አንዳንዶቹ ቅር ይላቸዋል። ግን ክሱ እንደደረሰው መኪናውን በወንድሙ ስም የሚያዞር ተከሳሽ ብዙ ነው። ከክሱ ጋር አብሮ የእግድ ማመልከቻ ካልገባ የአፈጻጸም መዝገብ የምንከፍተው በባዶ ሰው ላይ ነው። ተማሪዎች፣ ከዩኒቨርሲቲ ስትወጡ ክርክር ብቻ አትማሩ፤ የእግድ አቤቱታና አፈጻጸም ተማሩ። የእግድ አቤቱታውን ፎርም የሚፈልግ በኮሜንት ይጻፍልኝ፣ ስም የሌለበትን ናሙና እልካለሁ።