ግድግዳ መሰንጠቅ የሚጀምረው ከመስኮቱ ጥግ ነው

ሴት አያቴ የሚኖሩት ቤት ሸአን ውስጥ፣ በ1960ዎቹ (እንደ አውሮፓ አቆጣጠር) በተሠራ የሺኩን ሕንጻ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ነው። ባለፈው ዓመት በኩሽናውና በሳሎኑ መካከል ባለው ግድግዳ ላይ ሰፊ በር እንዲከፈት ፈለጉ፤ ቡና ሲያፈሉ የልጅ ልጆቻቸውን ማየት አለባቸዋ። የመጣው ካብላን ግድግዳውን በእጁ መታ መታ አደረገና «የአንድ ቀን ሥራ ነው» አለ። ብዙ ዓመት በግንባታ የሠሩት አጎቴ ብቻ «መሐንዲስ ሳያየው አይነካም» ብለው ድርቅ አሉ። መሐንዲሷ መጥታ ፕላኑን ስታይ፣ ግድግዳው ላይኛውን ፎቅ ከተሸከሙት አንዱ ሆኖ ተገኘ።

አያቴ ተቆጡ። «አንድ በር ቢጨመር ምን ይመጣል?» እኔም መልሱን አላውቀውም ነበር።

ነገሩ እንዲህ ነው። ብሎኬት ከላይ ሲጫኑት ጠንካራ ነው፤ ሲስቡት ግን ደካማ። የመሬት መንቀጥቀጥ ደግሞ ቤቱን ከሥሩ ይዞ ወደ ጎን ያወዛውዘዋል። መሬቱ ወደ ግራ ሲሄድ ጣሪያው ባለበት ሊቀር ይፈልጋል፤ ግድግዳውም በመካከል ይንሻፈፋል። ድፍን ግድግዳ ከሆነ ጉልበቱ በመላ አካሉ ይከፋፈላል። በር ወይም መስኮት ካለበት ግን ጉልበቱ ባዶውን መሻገር ስለማይችል፣ ወንዝ በድንጋይ ዙሪያ እንደሚዞር ዞሮ ማዕዘኖቹ ላይ ይጨናነቃል። ስንጥቁ ከመስኮቱ ጥግ ተነስቶ በሰያፍ የሚሮጠው ለዚህ ነው። መሬቱ ሲመለስ ደግሞ በተቃራኒው ሌላ ስንጥቅ ይመጣል። በሁለት መስኮቶች መካከል የቀረች ጠባብ ግድግዳ ካለች ብዙ ጊዜ ቀድማ የምትሰባበረው እሷ ናት።

መፍትሔውን ለአያቴ ያስረዳኋቸው በጭቃ ቤት ነው። ጎንደር ገጠር ውስጥ የቤት ግድግዳ ጭቃ ብቻ አልነበረም፤ ቋሚ ይተከላል፣ ማገር ይማገራል፣ ከዚያ ይመረጋል። በፌሮ የተጠናከረ የብሎኬት ግድግዳም እንደዚያው ነው። ቋሚው ፌሮ በብሎኬቱ ቀዳዳ ውስጥ ከመሠረቱ እስከ ላይ ይወጣል፣ ቀዳዳውም ቀጠን ባለ ኮንክሪት ይሞላል፤ አግድሙ ፌሮ እንደ ማገር ያስረዋል። በርና መስኮት ላይ ደግሞ መቃኑ በግራና በቀኝ የራሱ ፌሮ፣ ጉበኑም የራሱ ፌሮ ያስፈልጋቸዋል፤ መስኮት ከሆነ ከሥሩም ይጨመራል። ዋናው ነገር ፌሮው መክፈቻው ጫፍ ላይ አይቆምም። ማዕዘኑን አልፎ ግማሽ ሜትርና ከዚያ በላይ ግድግዳው ውስጥ ይገባል፤ ስንጥቁ የሚጀምረው እዚያ ነዋ። ብረት ከመበጠሱ በፊት ይለጠጣል። ግድግዳው ቢሰነጠቅም ወዲያው አይናድም፣ ሰውም የመውጫ ጊዜ ያገኛል።

አያቴ «ታዲያ ይኼ የእኛ ሥራ ነው» አሉ። እውነታቸውን ነው፤ በጎንደር ነገሥታት ዘመን የቤተ እስራኤል ግንበኞችና አናጢዎች በከተማዋ ግንባታ እንደተሰማሩ የታሪክ ጸሐፊዎች ጽፈዋል።

ዓለም ይህን የተማረው በሰው ሕይወት ነው። በ1933 ካሊፎርኒያ ውስጥ ሎንግ ቢች በተናወጠች ጊዜ ፌሮ የሌላቸው ብዙ የጡብ ትምህርት ቤቶች ፈራረሱ። የደረሰው አመሻሽ ላይ፣ ተማሪዎች ወደ ቤታቸው ከሄዱ በኋላ ነበር። ከዚያ ወዲህ በዚያ ግዛት ፌሮ በሌለው ጡብ መገንባት ቀረ።

እኛም የምንኖረው ስምጥ ሸለቆው ዳር ነው። በ1837 ጽፋትና ጥቬርያ ወድመዋል። በሐምሌ 1927 ደግሞ ከናብሉስ እስከ ሎድና ራምላ ቤቶች ፈርሰው በመቶዎች የሚቆጠሩ ሰዎች ሞተዋል። የእስራኤል የመሬት መንቀጥቀጥ ደረጃ፣ ቁጥር 413፣ የወጣው በ1975 ነው፤ ከ1980 በፊት ፈቃድ ያገኙ ሕንጻዎች ይጠናከሩ ተብሎ በ2005 ታማ 38 መጣ። በዚያ ዕቅድ ካብላኑ ሕንጻውን ያጠናክር፣ በምትኩ አዳዲስ ቤቶች ጨምሮ ይሸጥ ነበር። ቴል አቪቭ አካባቢ ይህ ያዋጣ ነበር። ቤት ሸአን፣ ጥቬርያና ቂርያት ሽሞና ግን የቤት ዋጋ ርካሽ ስለነበረ ካብላኑ ብዙም አይመጣም ነበር። ስንጥቁ ከሥሩ ያለ ሰው ከሁሉ ያነሰ ማግኘቱን እኔ በደል ነው የምለው።

የአያቴ ሕንጻ ማማድ የለውም። መሬቱ ሲናወጥ በፍጥነት ወደ ሜዳ መውጣት ካልተቻለ፣ መመሪያው ወደ ደረጃው ውጡ ይላል፤ እሱም ካልሆነ ጠንካራ ጠረጴዛ ሥር ወይም ከውስጠኛ ግድግዳ አጠገብ፣ ከመስኮት ርቆ መቀመጥ ነው። ከበር ወይም ከመስኮት ጥግ በሰያፍ የሚወርድ፣ እየሰፋ የሚሄድ ስንጥቅ ያየ ሰውም ቀለም ከመቀባቱ በፊት መሐንዲስ ይጥራ።

የአያቴ ግድግዳ ሳይነካ ቀረ። ረከቦቱን ወደ ሳሎን አወጡት። መሐንዲሷ ግን ስትወርድ ታች ፎቅ ቆም ብላ አየች፤ እዚያ ያሉት ጎረቤት ከዓመታት በፊት ያንኑ ግድግዳ ከሥሩ ከፍተውት ኖሯል። አያቴ አሁን ቫአድ ባይቱ እንዲሰበሰብ በየበሩ እያንኳኩ ነው።