የወሰን መሥመርና «ትርፍ መሬት»፦ ከጊንጪ የሚገኝ ትምህርት

አንድ ከተማ ሲሰፋ፣ ግሬደርና ድንጋይ የጫነ መኪና ወደ ስፍራው ከመድረሱ አስቀድሞ፣ በካርታ ላይ የተሰመረው የወሰን መሥመር ይንቀሳቀሳል። በዚያ መሥመር መንቀሳቀስ ትናንት የገጠር ቀበሌ የነበረው ዛሬ የከተማ ቀበሌ ይሆናል፤ የእርሻ ማሳ፣ የወል ግጦሽ ወይም የትምህርት ቤት ሜዳ የነበረውም በአዲሱ መዝገብ «ባዶ ቦታ» ወይም «ትርፍ መሬት» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ጉዳዩ የመሬት አስተዳደር ባለሙያዎችን ብቻ የሚመለከት ቢመስልም፣ አጥቢያ አብያተ ክርስቲያናትን፣ መካነ መቃብሮችንና በዙሪያቸው የሚኖረውን ምእመን በቀጥታ ይነካል። ስለዚህ የሰበካ ጉባኤ አባላትና ካህናት አባቶች አሠራሩን እንዲያውቁት በማሰብ፣ በምዕራብ ሸዋ በጊንጪ የሆነውን እየጠቀስን ቀጥለን እናብራራለን።

የሚሸጠው ምንድን ነው?

በኢትዮጵያ መሬት አይሸጥም፤ አይለወጥም። የየካቲት 25 ቀን 1967 ዓ.ም. አዋጅ የገጠርን መሬት የሕዝብ ሀብት ካደረገ ወዲህ መንግሥታት ቢለዋወጡም ይህ መሠረት አልተናወጠም። የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም በአንቀጽ 40 ንዑስ አንቀጽ 3 የመሬት ባለቤትነት የመንግሥትና የሕዝብ መሆኑን ይደነግጋል። ይሁን እንጂ በከተማ ለገበያ የሚቀርብ አንድ ነገር አለ፤ ይኸውም መሬቱን ለተወሰነ ዘመን በሊዝ የመያዝና የመጠቀም መብት ነው። በ2004 ዓ.ም. የወጣው የሊዝ አዋጅ ቁጥር 721 ይህ መብት በጨረታ ወይም በምደባ እንዲተላለፍ አዘዘ። ዘመኑንም ለመኖሪያ ቤት 99 ዓመት፣ ከአዲስ አበባ ውጭ ባሉ ከተሞች ደግሞ ለኢንዱስትሪ 80፣ ለንግድ 70 ዓመት አድርጎ ወሰነ። ለእምነት ተቋማት የአምልኮ ስፍራም ያለ ጨረታ፣ በምደባ እንዲሰጥ ፈቀደ።

ወሰኑ ለምን ይለወጣል?

የከተማ አስተዳደር ለጨረታ ማቅረብ የሚችለው በከተማው ክልል ውስጥ ያለውን መሬት ነው። የገበሬው ይዞታ የዘመን ገደብ ባይኖርበትም፣ ማሳው በከተማው ክልል ውስጥ ከገባ በኋላ «ለሕዝብ ጥቅም» ተብሎ በካሳ ሊለቀቅ ይችላል። የ1997 ዓ.ም. አዋጅ ቁጥር 455 መሬቱን ለዘለቄታው ለሚለቅ ገበሬ የሚከፈለውን የመፈናቀያ ካሳ፣ ባለፉት 5 ዓመታት ካገኘው አማካይ ዓመታዊ ገቢ 10 እጥፍ እንዲሆን ወስኖ ነበር። እንግዲህ ካሳው በእህል ምርት ይሰላል፤ ያው መሬት ለጨረታ ሲቀርብ ግን በከተማ ገበያ ይተመናል። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ለከተማው ገቢ ይሆናል። ወሰን ማስፋት አስተዳዳሪውን የሚያጓጓው፣ ገበሬውን የሚያስፈራው በዚህ ምክንያት ነው። በ2011 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1161 የካሳውን ስሌት አሻሽሏል፤ ለነባር ባለይዞታዎችም መሬታቸውን ራሳቸው የማልማት የቅድሚያ ዕድል ሰጥቷል።

«ትርፍ» የሚለው ቃልም ሊጤን ይገባዋል። በሐምሌ 1967 ዓ.ም. የከተማ ቦታና ትርፍ ቤት በአዋጅ ቁጥር 47 ሲወረስ፣ ስለ አዋጁ የሚባለው ሁሉ እንዳለ ሆኖ፣ ትርፍ የተባለው መለኪያ ነበረው፤ አንድ ቤተ ሰብ ከሚኖርበት አንድ ቤት በላይ ያለው ትርፍ ተባለ። ዛሬ አንድ ሜዳ ትርፍ ሲባል ግን መለኪያው ብዙ ጊዜ መዝገብ ብቻ ነው። በመዝገቡ ላይ የባለይዞታ ስም ካልተገኘ፣ በየዕለቱ መቶ ልጆች ቢጫወቱበትም ቦታው ባዶ ይባላል።

በጊንጪ የሆነው

ጊንጪ የደንዲ ወረዳ ዋና ከተማ ስትሆን፣ ከአዲስ አበባ ወደ አምቦ በሚወስደው መንገድ 80 ኪሎ ሜትር ያህል ርቃ ትገኛለች። የአዋሽ ወንዝ የሚመነጨው በዚሁ አካባቢ ነው። በአቅራቢያዋ ያለው የጭሊሞ ደን በመካከለኛው ደጋ ከተረፉት ጥቂት የተፈጥሮ ደኖች አንዱ ሲሆን፣ ጽድ፣ ዝግባና ወይራ ይገኙበታል። ከ1980ዎቹ መጨረሻ ጀምሮም የአካባቢው ገበሬዎች ከመንግሥት ጋር ሆነው ደኑን በማኅበር እንዲጠብቁና እንዲጠቀሙበት የተጀመረው ሥራ በአገሪቱ ከመጀመሪያዎቹ አንዱ ነበር።

ኅዳር 2 ቀን 2008 ዓ.ም. የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ ወጡ። ያሰሙት አቤቱታ ሁለት ነገሮችን የያዘ ነበር፤ የምንጫወትበት ሜዳ ለባለሀብት ተላልፏል፣ የጭሊሞ ደንም ለኢንቨስትመንት ሊመነጠር ነው የሚል። በመዝገብ ሲታዩ ሜዳውም ደኑም የግለሰብ ይዞታ አልነበሩም። በኑሮ ሲታዩ ግን አንዱ የከተማው ልጆች ሁሉ፣ ሌላው ለብዙ ዘመን የጠበቁት ገበሬዎች ነበሩ።

ይህ አቤቱታ ከሌላ ሥጋት ጋር ተገናኘ። አዲስ አበባንና በዙሪያዋ ያሉትን የኦሮሚያ ልዩ ዞን ከተሞች በአንድነት ለማልማት የተዘጋጀው የተቀናጀ ማስተር ፕላን፣ በ2006 ዓ.ም. ሚያዝያ ወር በአምቦና በሌሎች ከተሞች ተቃውሞ አስነሥቶ የሰው ሕይወት ጠፍቶበት ነበር። ባለሥልጣናት ዕቅዱ ልማትን የሚያስተሳስር እንጂ አስተዳደራዊ ወሰንን የሚነካ አይደለም ቢሉም፣ ብዙ ሰው አላመነም። ልዩ ዞኑ ራሱ በ2000 ዓ.ም. ሲቋቋም፣ ሆለታን የያዘው የወልመራ ወረዳ ከምዕራብ ሸዋ ተነሥቶ ወደ እርሱ ተዛውሮ ነበርና፣ ሕዝቡ ወሰን ሊንቀሳቀስ እንደሚችል በዓይኑ አይቷል።

ጊንጪ በዚያ ልዩ ዞን ውስጥ አልነበረችም። ተቃውሞው ግን ከእርሷ ተነሥቶ በኦሮሚያ በሰፊው ተዛመተ። የአንድ ከተማ ሜዳና የዋና ከተማው ማስተር ፕላን በሕዝቡ ዘንድ አንድ ጥያቄ ሆነው ተገኙ፤ የምንኖርበት መሬት ሲወሰንበት እኛን የጠየቀን ማን ነው? የክልሉ ገዥ ፓርቲ ኦሕዴድ በጥር 2008 ዓ.ም. ዕቅዱ መቅረቱን አስታወቀ። ሆኖም ብዙ ሕይወት አልፎ ነበር። የኢትዮጵያ ሰብአዊ መብቶች ኮሚሽን በሰኔ 2008 ዓ.ም. ለሕዝብ ተወካዮች ምክር ቤት ባቀረበው ሪፖርት በኦሮሚያ 173 ሰዎች መሞታቸውን ገልጿል፤ ሌሎች ተቋማት ቁጥሩን ከዚህ ከፍ ያደርጉታል።

የሰበካ ጉባኤ ድርሻ

ከተማ ማደጉ አይቀርም፤ ትምህርት ቤት፣ ጤና ጣቢያና የሥራ ቦታ ያስፈልገዋልና ማደጉም መልካም ነው። የሚያስፈልገው ማንም ያልተጠየቀበት መሬት «ትርፍ» እንዳይባል መጠንቀቅ ነው። ለዚህም ሰበካ ጉባኤያት የሚከተሉትን ቢፈጽሙ ይጠቅማል።

አንደኛ፣ ይዞታን አሟልቶ ማስመዝገብ። ዐጸዱ ብቻ ሳይሆን መካነ መቃብሩ፣ የጸበሉ ስፍራ፣ የአብነት ትምህርት ቤቱና የደኑ ዳርቻ ጭምር፣ አዋሳኞች በተገኙበት ተለክተው በይዞታ ማረጋገጫ ላይ መስፈር አለባቸው። ወሰኑ ከተለወጠ በኋላ ከማስረዳት አስቀድሞ ማስመዝገብ ይቀላል።

ሁለተኛ፣ በፕላን ውይይት መገኘት። በ2000 ዓ.ም. የወጣው የከተማ ፕላን አዋጅ ቁጥር 574 መዋቅራዊ ፕላን ለ10 ዓመት እንዲጸና፣ ከመጽደቁ በፊትም ሕዝብ እንዲወያይበት ያዛል። በዚያ ስብሰባ ያልተነሣ ጥያቄ በኋላ ሰሚ ማግኘቱ አስቸጋሪ ነው።

ሦስተኛ፣ ስም የሌላቸውን የጋራ ቦታዎች ማሰብ። የግጦሹ፣ የገበያውና የልጆች መጫወቻው ሜዳ ከዕድሮች፣ ከትምህርት ቤት ኮሚቴዎችና ከሌሎች ቤተ እምነቶች ጋር በአንድነት በጽሑፍ ሊገለጽ ይገባል። የጊንጪ ተማሪዎች አደባባይ የወጡት እንዲህ ላለ ቦታ ነበር።

አራተኛ፣ የመቃብርን ክብር ማስጠበቅ። የ1999 ዓ.ም. ደንብ ቁጥር 135 መቃብር የሚነሣ ከሆነ ለአዲስ ቦታ ዝግጅት፣ ለዐፅሙ ፍልሰትና ለሚፈጸመው ሥርዓት ጭምር ካሳ እንዲከፈል ደንግጎ ነበር። ሕጎች የሚሻሻሉ በመሆናቸው በሥራ ላይ ያለውን ደንብ ከመሬት አስተዳደር ጽሕፈት ቤት በጽሑፍ መጠየቅ ያስፈልጋል።

አምስተኛው ከሁሉ ይከብዳል። ለቤተ ክርስቲያን መሥሪያ ቦታ በምደባ ሲሰጥ፣ ከመረከብ በፊት «በዚህ መሬት ላይ ማን ያርስ ነበር? ካሳውንስ ተቀብሏል?» ብሎ መጠየቅ ነው። የኢይዝራኤላዊውን የናቡቴን ታሪክ በመድረክ የሚያስተምር ካህን፣ በአንድ ገበሬ ዕንባ ላይ የመሠረት ድንጋይ እንዳይቀመጥ መጠንቀቅ ይገባዋል። ስለዚህ የርክክቡ ቃለ ጉባኤ ሲጻፍ የቀድሞው ባለይዞታ ይጠራ፤ ቃሉም ከፊርማው ጋር በሰበካ ጉባኤው መዝገብ ይስፈር።