«እዚህ አገር ልጅ የመንግሥት ነው» እና ሌሎች የቤክስሊ ወሬዎች

ከኦሃዮዋ ኮሎምበስ መሃል ከተማ በኢስት ብሮድ ወይም በኢስት ሜይን ጎዳና ወደ ምሥራቅ የሚነዳ ሰው አለም ክሪክ የሚባለውን ወንዝ ሲሻገር ቤክስሊ ገባ ማለት ነው። ዙሪያዋን ኮሎምበስ ከቧታል፤ እሷ ግን የራሷ ከንቲባ፣ የራሷ ፖሊስ፣ የራሷ ትምህርት ቤቶች አሏት። የኦሃዮ ገዥ መኖሪያም ከ1957 ጀምሮ እዚሁ ነው (የማነሳቸው ዓመቶች፣ ከኢትዮጵያ አዋጅ ቁጥሮች በቀር፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው)። የቤት ኪራዩ አይቀመስም። ኪራይ ቀለል የሚልባቸው ሰፈሮች በቅርብ እያሉ ቤክስሊ ካልገባሁ የሚል ኢትዮጵያዊ ወላጅ ምክንያቱን ቢጠየቅ ብዙውን ጊዜ መልሱ አንድ ነው፦ «ለልጆቹ ብለን»።

ዓላማው የሚያስመሰግን ነው። ችግሩ ቡና ላይ፣ ከቤተ ክርስቲያን መልስ፣ በሥራ እረፍት ሰዓት «ሰው ነገረኝ» እየተባለ ከሚተላለፈው ምክር ብዙው ያንኑ ልጅ የሚጎዳ መሆኑ ነው።

«ዚፕ ኮዴ 43209 ነው፤ ስለዚህ ልጄ ቤክስሊ ይማራል።» አይደለም። 43209 ቤክስሊን ብቻ ሳይሆን ኢስትሙርንና በርዊክን የመሳሰሉ የኮሎምበስ ሰፈሮችንም ይይዛል። ፖስታው ላይ ለሁሉም «ኮሎምበስ» ተብሎ ሊጻፍ ይችላል። ልጁ የት እንደሚማር የሚወስነው ቤቱ ያረፈበት የትምህርት ዲስትሪክት ነው። ሊዝ ከመፈረም በፊት አድራሻውን የፍራንክሊን ካውንቲ ኦዲተር ድረ ገጽ ላይ አስገብቶ ማየት ደቂቃ አይፈጅም። «ቤት ያልገዛ አያስመዘግብም» የሚለውም ወሬ ነው፤ ተከራይም ነዋሪ ነው። የመኖሪያ ወረቀት የሌለው ልጅም ቢሆን የአገሪቱ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1982 በሰጠው ውሳኔ ከትምህርት ቤት አይመለስም። የዘመድ አድራሻ ተውሶ ማስመዝገብ ግን ቀልድ አይደለም፤ እዚሁ ኦሃዮ በ2011 አንዲት የአክረን እናት በአባቷ አድራሻ ልጆቿን ሌላ ዲስትሪክት በማስተማሯ እስር ቤት ገብታለች።

ስለ ገንዘቡ ብዙ አልልም። በሰዓት 20 ዶላር የሚያገኝ ሰው በዓመት 41,600 ዶላር ይሠራል፤ አገር ቤት ያለ ዘመድ ይህን በብር መትቶ ይደነቃል። ከዚያ ላይ ሶሻል ሴኩሪቲና ሜዲኬር 7.65 በመቶ፣ ማለትም ወደ 3,182 ዶላር ይወስዳሉ። የከተማ ታክስ 2.5 በመቶ አለ። ቤክስሊ የሚኖር ደግሞ ለትምህርት ዲስትሪክቱ 0.75 በመቶ ይጨምራል፤ ያ ዝነኛ ትምህርት ቤት በነፃ አልመጣም። የፌዴራሉና የስቴቱ ገና አልተነኩም። ስለዚህ ባልና ሚስት ሺፍት ይቀያየራሉ፤ እሱ ሌሊት፣ እሷ ቀን፣ ለልጅ ጠባቂ እንዳይከፍሉ። አንዱ ሲገባ ሌላው ይወጣል፤ በር ላይ ይገናኛሉ።

ቀጥሎ ያለው ስህተት የሚወለደው ከዚህ ድካም ነው። «እንግሊዝኛው እንዳይበላሽበት ቤት ውስጥ በእንግሊዝኛ እናውራው።»

ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ እንግሊዝኛቸው ራሱ ገና ያልጠራ ወላጆች ናቸው። ሁለት ቋንቋ ልጅን ያደናግራል የሚለው እምነት የሐበሻ ብቻ አይደለም፤ የፈረንጅ ምሁራንም ለረጅም ጊዜ ያምኑበት ነበር። በ1962 ፒል እና ላምበርት የተባሉ ሁለት ተመራማሪዎች ሞንትሪያል ላይ ፈረንሳይኛና እንግሊዝኛ የሚችሉ የአሥር ዓመት ልጆችን አንድ ቋንቋ ብቻ ከሚያውቁ እኩዮቻቸው ጋር አወዳደሩ። ሁለት ቋንቋ ያላቸው ወደኋላ መቅረታቸው ቀርቶ በፈተናዎቹ የተሻሉ ሆነው ተገኙ። ጥቅሙ ምን ያህል ነው በሚለው ተመራማሪዎች ዛሬም ይከራከራሉ፤ ሁለት ቋንቋ የልጅን አፍ ያዘገያል የሚለው ግን ተቀባይነት አጥቷል።

እንግሊዝኛውንማ ትምህርት ቤቱ፣ ጎረቤቱ፣ ዩቲዩቡ ያስተምሩታል፤ ማንም አይከለክለውም። አማርኛው ግን ከቤት ሌላ ምንጭ የለውም። እናት ከሥራ ገብታ የምታወራው አማርኛ ደግሞ «ብላ»፣ «ተኛ»፣ «ጫማህን አውልቅ» ብቻ ከሆነ ልጁ የሚያውቀው የትእዛዝ አማርኛ ነው። ቅዳሜ አያቱ ከደብረ ማርቆስ በዋትስአፕ ሲደውሉ፣ «ደህና ነህ ወይ የኔ ጌታ?» ሲሉት፣ «ደህና ነኝ» ይልና ስልኩን ለእናቱ ያቀብላል። አያትየው ቀጥለው የጠየቁት፣ «ትምህርት እንዴት ነው? ጓደኛ አፈራህ?» የሚለው፣ አየር ላይ ይቀራል። ወላጆች ይህን «ይሰማል፣ አይናገርም» ይሉታል፤ እንደ ተፈጥሮ ነገር። በእኔ እይታ ግን ልጁ አልተነገረውም እንጂ መናገር አላቃተውም። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ የሚሰጠው የፊደል ትምህርት ጥሩ ነው፤ በሳምንት አንድ ሰዓት «ሀ ሁ» ግን ወጥ እየሠሩ ስለ ውሎ ማውራትን አይተካም።

የምዝገባው ፎርምም እዚህ ላይ ይመጣል። «ቤት ውስጥ የምትናገሩት ቋንቋ ምንድን ነው?» ይላል። ልጄን ለይተው ያስቀምጡብኛል ብሎ የፈራ ወላጅ «እንግሊዝኛ» ብሎ ይሞላል። እውነቱን ቢጽፍ ልጁ የቋንቋ መመዘኛ ይፈተናል፤ ካስፈለገው ተጨማሪ እገዛ ያገኛል። ይህ ከ1974 የጠቅላይ ፍርድ ቤት ውሳኔ ጀምሮ የትምህርት ቤቱ ግዴታ ነው። ወላጅ እገዛውን አልፈልግም የማለት መብትም አለው።

«እዚህ አገር ልጅ የመንግሥት ነው፤ ብትቆጣው 911 ይደውልብሃል።» ይህን ያላለ ወላጅ ያለ አይመስለኝም። የኦሃዮ ሕግ ወላጅ ልጁን እንዳይገሥጽ አይከለክልም። የሚከለክለው ልክ ያለፈ፣ ልጁን ለከባድ ጉዳት የሚያጋልጥ ቅጣት ነው። መምህር፣ ነርስና ሐኪም ጥቃት ከጠረጠሩ የማሳወቅ የሕግ ግዴታ አለባቸው፤ ጥቆማው ለካውንቲው የሕፃናት አገልግሎት ይደርሳል። ጥቆማ ማለት ግን ልጅ መነጠቅ አይደለም፤ መጀመሪያ ይጣራል፣ ልጅን ከቤት የማውጣት ነገር ከመጣ ፍርድ ቤት ይገባበታል። ቀበቶው እንዲቀር እኔም እስማማለሁ። የሚያሳዝነኝ ከቀበቶው ጋር ምክሩንም፣ ቁጣውንም፣ «ማን ጋር ነው የምትሄደው?» የሚለውንም እርግፍ አድርጎ የተወ አባት ነው።

«ልጁ ያስተረጉምልኛል» ከሁሉ የሚያስቀውና ከሁሉ የከፋው ነው። መምህሯ «የቤት ሥራ አያመጣም፣ ክፍል ውስጥ ይረብሻል» ስትል አስተርጓሚው ራሱ ተከሳሹ ነው። «ጎበዝ ነው ትላለች» ቢል ማን ያውቅበታል? ሐኪም ቤት ሲሆን ሳቁ ይቆማል፤ የእናቱን የማሕፀን ምርመራ ውጤት የአሥር ዓመት ልጅ ሊነግራት አይገባም። የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ትምህርት ቤትም ሆነ ሆስፒታል በ1964ቱ የሲቪል መብቶች ሕግ መሠረት በቋንቋ ምክንያት ወላጅን ማግለል አይችልም፤ አስተርጓሚ በነፃ፣ ብዙ ጊዜም በስልክ ያቀርባል። ቀጠሮ ሲያዝ «አማርኛ አስተርጓሚ እፈልጋለሁ» ማለት ይበቃል። ማፈር አያስፈልግም።

በመጨረሻ፣ «እዚህ ቢወለድም ልጄ ሁለቱም ዜግነት አለው» የሚል አለ። አሜሪካ ምድር ላይ የተወለደ ልጅ አሜሪካዊ ነው፤ ኢትዮጵያ ግን ጥምር ዜግነት አትፈቅድም። በአዋጅ ቁጥር 378/1996 መሠረት በውጭ አገር በመወለዱ ሌላ ዜግነት ያገኘ ልጅ ለአካለ መጠን በደረሰ በአንድ ዓመት ውስጥ ያንን ትቶ ኢትዮጵያዊነቱን ካልመረጠ፣ ኢትዮጵያዊነቱን እንደተወ ይቆጠራል። ያን ጊዜ የሚቀርለት በአዋጅ ቁጥር 270/1994 የመጣው ቢጫ ካርድ (የትውልደ ኢትዮጵያዊ መታወቂያ) ነው። የያዘው ሰው ያለ ቪዛ ይገባል፣ ያለ ሥራ ፈቃድ ይሠራል፤ አይመርጥም፣ አይመረጥም፣ በመከላከያ፣ በጸጥታና በውጭ ጉዳይ መሥሪያ ቤቶች አይቀጠርም። ካርዱን ለማውጣት የኢትዮጵያ ተወላጅነትን የሚያሳይ ማስረጃ ስለሚጠየቅ፣ ዜግነት የቀየሩ ወላጆች የድሮ ፓስፖርታቸውን አይጣሉት።