አይከል፤ የሁለት ቋንቋ ከተማ

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ መተማ የሚወርደውን መንገድ የያዘ መንገደኛ፥ 60 ኪሎ ሜትር ያህል እንደ ተጓዘ ከጭልጋ ዋና ከተማ ከአይከል ይደርሳል። ሻይ ጠጥቶ ጕዞውን ከመቀጠሉ በፊት ስለ አገሩ ጥቂት ቢያውቅ መልካም ነው።

ጭልጋ በጥንት ዘመን የጎንደርና የስናር ነጋዴዎች መገናኛ ነበረች። ቀዳማዊ ዐፄ ኢያሱን ለማከም በ1691 ዓ.ም. በዚያ ያለፈው ፈረንሳዊው ሐኪም ፖንሴ፥ ገበያዋ በየቀኑ እንደሚቆምና ወርቅ፥ ዝባድና ከብት እንደሚሸጥበት ጽፏል። ይልቁንም የሚያስደንቀው፥ የስናር ንጉሥ በንጉሠ ነገሥቱ ፈቃድ የራሱን ቀረጥ ተቀባይ በጭልጋ ማኖሩ ነው። ከአገሩ በሚመጣው ጥጥ ላይ የሚከፈለውን ቀረጥ ሁለቱ ነገሥታት እኩል ይካፈሉት ነበር። ይህ መስማማት ግን እስከ መጨረሻው አልዘለቀም፤ በመጋቢት 1881 ዓ.ም. ዐፄ ዮሐንስ 4ኛ ከድርቡሽ ጋር ሲዋጉ የወደቁት በዚሁ መንገድ ጫፍ፥ በመተማ ነው።

ነጋዴው መጥቶ ይሄዳል፤ አገሩ ግን የቅማንት ሕዝብ የቆየ መኖሪያ ነው። ቋንቋቸው ቅማንትነይ ከአገው ቋንቋዎች ወገን ሲሆን የአውኚና የኽምጣንጋ እኅት ነው። «አምስት» ለማለት ቅማንቱም አዊውም «አንኳ» ይላል።

አማርኛ የአስተዳደር፥ የቤተ ክርስቲያንና የገበያ፥ በኋላም የትምህርት ቤት ቋንቋ ስለ ሆነ፥ ቅማንትነይ ከአደባባይ ወደ ቤት ገባ፤ ከቤትም በሽማግሌዎችና በባልቴቶች አፍ ብቻ ቀረ። በ1987 ዓ.ም. በተደረገው ቆጠራ ቅማንት ነኝ ያለው ሕዝብ ከ170 ሺህ በላይ ሲሆን፥ በቋንቋው አፉን የፈታው ግን 2 ሺህ እንኳ አልሞላም።

አንድ ቀን በክፍል ውስጥ፥ «በአያቶቹ ቋንቋ መቍጠር የሚችል አለን?» ብዬ ጠየቅሁ። አንድ ልጅ ብቻ እጁን አወጣ። እስከ አምስት ቈጠረና ዝም አለ።

«ቀጥል እንጂ» አልሁት።

«አያቴ ከዚህ በላይ ሳታስተምረኝ ሞተች» አለኝ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ለተማሪዎቼ የምሰጠው የዕረፍት ጊዜ ሥራ አንድ ነው፤ ለእናንተም ለአንባቢዎች እርሱኑ እሰጣለሁ። ወደ አገራችሁ ስትመለሱ ደብተርና እርሳስ ይዛችሁ ከአያቶቻችሁ አጠገብ ተቀመጡ። የዕቃውን፥ የዛፉን፥ የወንዙን ስም ጠይቁ፤ የሰማችሁትንም ሳይውል ሳያድር ጻፉ። አማርኛን ማወቅ የአያትን ቋንቋ መርሳት አይጠይቅም። ጭልጋ አንዱን ቀረጥ ለሁለት ነገሥታት ማካፈል ከቻለች፥ አንድ ልጅም ሁለት ቋንቋ መያዝ አያቅተውም።