«ሲስተም የለም» ሲባል

ተሰልፈን ውለን «ሲስተም የለም፣ ነገ ተመለሱ» ሲሉን አንዳንዱ ኔትወርኩን፣ አንዳንዱ ጄኔሬተሩን ይረግማል። ብዙ ጊዜ እውነትም እነሱ ናቸው። ግን ገንዘቡም መብራቱም ሞልቶ ሲስተም የሚወድቅበት ጊዜ አለ። ተማሪዎቼ «ይሄ ደሞ እንዴት ይሆናል?» ስላሉኝ አሜሪካ የሆነውን ልንገራችሁ።

መንግሥት ሕዝቡ የጤና ኢንሹራንስ የሚገዛበትን ኸልዝኬር ዶት ጎቭ የሚባል ድረ ገጽ እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 1 ቀን 2013 ከፈተ። በመጀመሪያው ቀን ምዝገባውን የጨረሱት 6 ሰዎች ብቻ ነበሩ። ስድስት!

ሥራውን 55 ድርጅቶች ተከፋፍለውት ነበር። ሁሉም የየራሱን ቁራጭ ሠራ። ቁራጮቹን የመገጣጠሙ ሥራ የወደቀው ግን እንዲህ ያለ ልምድ ባልነበረው የመንግሥት መሥሪያ ቤት ላይ ነው። ዝርዝር ደንቦቹ ዘግይተው ወጡ፤ የመክፈቻው ቀን ግን አልተነካም። ስለዚህ የተቀነሰው የሙከራው ጊዜ ሆነ፤ ሲስተሙ ከጫፍ እስከ ጫፍ የተሞከረው በመጨረሻዎቹ 2 ሳምንታት ነው። አማካሪዎች ከወራት በፊት አስጠንቅቀው ነበር። ማስጠንቀቂያው አለቆች ጋ ደርሶም ቀኑን ያንቀሳቀሰ የለም።

በኋላ አንድ ኃላፊ ተሾመ፤ ባለሙያዎችም በየቀኑ እየተሰበሰቡ ጥገናውን ያዙ። የስብሰባቸው ደንብ እኔን አስተማሪውን ደስ ብሎኛል፦ የሚናገረው ጉዳዩን አብልጦ የሚያውቀው ነው እንጂ በሥልጣን የሚበልጠው አይደለም። በ2 ወር ውስጥ ድረ ገጹ ብዙዎችን ማስተናገድ ጀመረ።